ምድጃው መጣልን፣ የሚገጥመው ሰው ግን አልመጣም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። መምህርት ነኝ፤ 26 ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እናቴ ማድ ቤት ነው።

ባለፈው ሰሞን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ለነዋሪዎች ታደለ የሚል ዜና አነበብኩ። ስንት ምድጃ እንደታደለ ተጽፏል። ስንቱ ማድ ቤት ገብቶ እሳት እንደነደደበት አልተጻፈም። ነገሩ ከነከነኝ። ምክንያቱም እኛም ቤት አንድ ጊዜ ምድጃ ታድሎ ነበር።

ስድስት ዓመት ይሆነዋል። አንድ መሥሪያ ቤት ለሰፈራችን እናቶች “ምርጥ” የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ሰጠ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከሠላሳ ዓመት በፊት በአገራችን የኢነርጂ ባለሙያዎች ተሠርቶ የወጣ ምድጃ ነው። ከሲሚንቶና ከፑሚስ ይሠራል። ፑሚስ ያ ቀለል ያለው፣ ባለ ቀዳዳው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በቀዳዳዎቹ ውስጥ አየር ስላለ ሙቀት ቶሎ አያሾልክም። አራቱ ትልልቅ ቁራጮች ሲገጣጠሙ ክብ ይሆኑና ምጣዱን ይሸከማሉ። ሁለቱ ትንንሾች ከኋላ፣ ጭሱ በሚወጣበት በኩል ይቆማሉ። እዚያ ላይ ድስት ይጣዳል። እንጀራው ሲጋገር ሽሮው በዚያው ይፈላል ማለት ነው። በደንብ የተገጠመ ከሆነ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል።

በደንብ ከተገጠመ ነው እንግዲህ።

ያን ቀን ጠዋት አይሱዙ መጣ። ቁራጮቹን አጥር ሥር ደረደሩ። እናቶችን አስፈረሙ። ፎቶ አነሱ። ሄዱ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀባቸውም። አንዲት እናት “ልጆቼ፣ ይሄ እንዴት ነው የሚቆመው?” ብላ ብትጠይቅ “ባለሙያ ይመጣል” አሏት። ባለሙያው አልመጣም።

እናቴ ሁለት ሳምንት ጠብቃ በራሷ ገጠመችው። የማድ ቤታችን ወለል ያኔ አፈር ነበር፤ ወደ በሩ ትንሽ ያዘቀዝቃል። ጉልቻ ሲሆን በየአንዳንዱ ድንጋይ ሥር ጠጠር እየወተፈች ታስተካክለዋለች። ይሄኛውን እንዴት ታስተካክለው? ሊጡን ስታዞር ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። እንጀራው በአንድ በኩል ወፍሮ አይበስልም፣ በሌላው በኩል ሳስቶ ይደርቃል። በየመገጣጠሚያው ጭስ ይተፋል። በሁለተኛው ወር አንደኛው ቁራጭ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። በሦስተኛው ወር አንስታ ጓሮ አወጣችውና ወደ ጉልቻዋ ተመለሰች። “ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይሉ የለ” አለችኝ። እኔም አመንኳት። ጥፋቱ የምድጃው መሰለኝ። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። ሌላ አምስት ዓመት ጭስ ውስጥ የተቀመጠችው በዚያ የተነሳ ነው።

ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ከጥቅምት ጀምሮ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። በዚህ ብርድ የማድ ቤት በር ወለል አድርጎ መጋገር አይቻልም። በሩ ይዘጋል፣ ጭሱም ውስጥ ይቀራል። ማገዶውም ከባሕር ዛፍና ከጭራሮ ይልቅ ኩበት ይበዛዋል። ኩበት እሳቱ አይቸኩልም፣ ይቆያል፤ ለጋገራ ይወደዳል። ጭሱ ግን ዓይን አያስገልጥም። የእናቴ ማድ ቤት ጣሪያ ላይ የሸረሪት ድሩ በጥቀርሻ ወፍሮ እንደ ጥቁር ፈትል ተንጠልጥሎ ነበር። በር ሲከፈት ይወዛወዛል። አንዳንዴ ቁራጩ ተበጥሶ ሊጡ ላይ ይወድቃል። እናቴ በጣቷ ጫፍ ቀስ አድርጋ ታነሳዋለች።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። በ2016 ዓ.ም. የቀኝ ዓይኗ የሞራ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሐኪሙ ካዩዋት በኋላ መጀመሪያ የጠየቋት ስለ ዕድሜዋ አልነበረም። “እናቴ፣ በምንድን ነው የሚጋግሩት?” አሏት። ምክንያቱ ጭሱ ብቻ ነው አላሉንም፤ ዕድሜም አለ። ግን የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ይመጣሉ ከሚላቸው ጉዳቶች አንዱ የዓይን ሞራ ነው። ሌሎቹ የሳንባ ምች፣ ስትሮክ፣ የልብ ሕመም፣ የሳንባ ካንሰር ናቸው። ድርጅቱ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ከእነዚህ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። እናቶች ሲጋግሩ ሕፃኑ ጀርባቸው ላይ ነው። ሌላ የት ይቀመጣል?

ለምን በኤሌክትሪክ ምጣድ አትጋግሩም የሚለኝ ሰው ይኖራል። አለን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይፈልጋል። አመሻሽ ላይ ኃይሉ ሲቀንስ ምጣዱ ይሞቃል እንጂ አይግልም፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም። አሥራ ምናምን እንጀራ ወጥቶ መብራት ድርግም ሲል የተረፈው ሊጥ ይሆመጥጣል። ሕዳሴ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እናቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ እልል ብላለች። ቦንድም ገዝተናል። ያ ኃይል አንድ ቀን እያንዳንዱ ምጣድ ሥር እንደሚደርስ አምናለሁ። ዛሬ ግን አብዛኛው የአገራችን ሰው የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። እስከዚያ ድረስ እናቶቻችን እየተጨናበሱ ይጠብቁ ማለት ከአንጀቴ አልገባልህ አለኝ።

እናም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወሰንኩ። ምድጃው እንደገና ይገጠማል፤ አሁን ግን በደንቡ።

መጀመሪያ ቁራጮቹን ለመግዛት ምድጃ የሚሠሩ ሴቶች ጋ ሄድኩ። “ከቅርጹ ከወጣ ስንት ቀን ሆነው?” አልኳቸው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃ እየጠጣ ነው። ቶሎ ደርቆ እሳት ካገኘው ይሰነጠቃል። ያ የመጀመሪያው ምድጃችንም በዚህ ይመስለኛል የተሰነጠቀው። አንዷ ልጅ “ሳምንት ሙሉ ጠዋት ማታ ውሃ ስናጠጣው ነበር” አለችኝ። ጠርዙን በጥፍሬ ቧጨርኩት። አልተፈረፈረም። ስድስቱንም ቁራጭ እየገጣጠምኩ አይቼ ወሰድኩ።

ቀጥሎ ግንበኛ ነው። ሰፈራችን አንድ ዕድሜ የጠገቡ ግንበኛ አሉ፤ ሁላችንም “ጋሼ” ነው የምንላቸው። የገና በዓል ባለፈ በሳምንቱ መጡ። ምድጃውን ገና ሳያዩት “እሱ ይቆይ፣ መሬቱን አሳዩኝ” አሉ። ወለሉን አንድ ስንዝር ቆፍረው ድንጋይ ደረደሩ፣ በጭቃ አሰሩት፣ ላዩን በሲሚንቶ ለሰኑት። የመደቡን ከፍታ የወሰኑት እናቴን ዱካ ላይ አስቀምጠው ነው። “እማማ፣ እጅዎን ወደ ምጣዱ ይዘርጉ እስቲ። እዚህ ጋ ቢሆን ወገብዎን ያምዎታል?” እናቴ እጇን ዘረጋች። “ትንሽ ዝቅ” አለች። ዝቅ አደረጉት። ዕድሜዋን ሙሉ ምጣድ ላይ ጎንበስ ስትል የኖረች ሴት ናት። የምትጋግርበትን ከፍታ ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር።

ከዚያ አራቱን ቁራጮች ክብ አድርገው አቆሙ። ውሃ ልክ ይዘው ነበር፤ ግን እሱን አላመኑትም። ምጣዱን አስቀመጡና መሃሉ ላይ አንድ የቡና ሲኒ ውሃ ጠብ አደረጉ። ውሃው ወደ ግራ ሮጠ። ምጣዱን አንስተው በግራው ቁራጭ ሥር ስስ ጭቃ አስገቡ። እንደገና ውሃ ጠብ አደረጉ። አሁን ወደ እኛ መጣ። ሦስት ጊዜ አነሱ፣ ሦስት ጊዜ አስቀመጡ። በአራተኛው ውሃው መሃል ላይ ክብ ሆኖ ባለበት ቆመ። እናቴ ሳቀች። “በቃ፣ ሊጡም እንደዚህ ነው የሚቆመው” አለች።

መገጣጠሚያዎቹ በጭቃ ተደፈኑ። ይሄ ጭቃ እንዲሁ ውሃና አፈር አይደለም። ከጭድና ከአመድ ጋር ተለውሶ ሦስት ቀን ቦክቷል። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ምጣዱ የሚቀመጥበት ጠርዝም ዙሪያውን በዚሁ ተለሰነ። በጣት ስፋት የቀረ ክፍተት ሁሉ ጭስ ያስገባል፣ ሙቀት ያስወጣል።

የጭስ ማውጫው ብዙ አከራከረን። “ምርጥ” ብቻውን ሲቆም ጭሱን በጣም ይቀንሳል፤ ከቤት ግን አያስወጣም። በሩ ለሚዘጋበት ለእኛ አገር ቧንቧ ያስፈልገዋል። ከላሜራ አሠራን። በጣሪያው ቆርቆሮ ወጣ። ቧንቧው የጣሪያውን እንጨት እንዳይነካ ጋሼ እንጨቱን አንድ ስንዝር ቆረጡት፣ ቀዳዳውንም ዙሪያውን በቆርቆሮ ከለሉት። ይህን አደራ አትዝለሉት። የጋለ ቧንቧ ደረቅ እንጨትን ቀስ በቀስ ያከስለዋል፤ አንድ ቀን ሳታስቡት ይነዳል። ለዝናቡ ከላይ ቆብ ተደረገለት። መጀመሪያ ግን ቧንቧው አጭር ነበር። የደብረ ብርሃን ነፋስ ከቆርቆሮው ጫፍ ዞሮ ጭሱን መልሶ ወደ ውስጥ ገፋው። አንድ ክንድ አስረዘምነው፤ ያኔ ነው ቀጥ ብሎ መውጣት የጀመረው።

ቧንቧ ዋጋ ያስከፍላል፤ የማወራው ስለ ገንዘቡ አይደለም። ጭሱን ሲስብ ሙቀቱንም ይስባል። ስለዚህ ቧንቧ ያለው ምድጃ ከሌለው ትንሽ የበለጠ እንጨት ይበላል። ጋሼ ቧንቧው መሃል ላይ የምትዞር ትንሽ ላሜራ አደረጉበት፤ እሳቱ ከተያያዘ በኋላ እሷን አዙረን መውጫውን እናጠብባለን። እኔ አንድ ነገር ለመንኳቸው። ላሜራዋ ሙሉ በሙሉ እንዳትዘጋ ጎኗ ተቆርጣለች። ፍም ባለበት ጭስ ማውጫ መዝጋት ሰው ይገድላል።

እዚህ ላይ ከርዕሴ ትንሽ ልውጣ። ኬሚስትሪ ያስተማረ ሰው ይህን ሳይናገር ማለፍ የለበትም። በብርድ ወራት ከጋገራ የተረፈውን ፍም በከሰል ምድጃ አድርጎ መኝታ ቤት ማስገባት በእኛ አገር የተለመደ ነው። በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ደግሞ ይከተላል። ፍም ጭስ ስለሌለው ንጹሕ ይመስላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን አይታይም፣ አይሸትም። ደማችን ከኦክስጅን ይልቅ እሱን አጥብቆ ይይዛል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ ይመስለዋል። ተማሪዎቼን በየዓመቱ ኅዳር ላይ ስለዚህ አስጠነቅቃለሁ፤ ቤታቸው ሄደው ለወላጆቻቸው እንዲነግሩ የቤት ሥራ እሰጣቸዋለሁ። እባካችሁ እናንተም ጻፉበት።

ወደ ምድጃው ልመለስ። ልስኑ ሳምንት ያህል ደረቀ። ከዚያ ለጥቂት ቀናት ጭራሮ ብቻ እያነደድን አሟሟቅነው። እናቴ አዲሱን ምጣድ በጎመን ዘር አሟሸችው። የመጀመሪያው ጋገራ ጥር 20 ቀን፣ ለአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ ሆነ።

ጠዋት ገባሁ። እናቴ እሳቱን አያይዛ ዱካዋ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን እንደ ልማዷ አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማዋለች። ምጣዱን በማሰሻው አሸችው። ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሃል አፈሰሰችው። ዓይኑ ሲወጣ አክንባሎውን ደፋችበት። የመጀመሪያው ወጣ፤ የምጣድ ማሟሻ ነውና አላስደነቀንም። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛውን ስትከፍተው እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ተነነ፤ ንጹሕ እንፋሎት። ያኔ ነጠላዋን ቀስ ብላ ከአፍንጫዋ ፈታችው። ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። ምንም አላለችም። እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ማድ ቤታችን ውስጥ ያለ ጭስ ያለቀስኩት የመጀመሪያ ቀን ነው።

28 እንጀራ ጋገረች። ሁሉም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት ነበረው።

ድሮ በጉልቻ ጊዜ አንድ እስር እንጨት ለአንድ ጋገራ አይበቃም፤ ኩበት ይጨመርበት ነበር። አሁን ያው እስር ለሁለት ጋገራ ይሆናል። ኩበቱ ተርፎ የጓሮው ጎመን ሥር ገብቷል። ጎመኑን መጥታችሁ ብታዩት ደስ ይለኛል።

ለዚህ ውጤት እንጨቱም ድርሻ አለው። እርጥብ ባሕር ዛፍ የሚያነድ ሰው መጀመሪያ የሚያፈላው በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ውሃ ነው። እሳቱ ውሃውን ሲያተን ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ እሳት እንጨቱን ጨርሶ አያነደውም፤ ያልነደደው ነው ጭስ ሆኖ የሚወጣው። ስለዚህ እንጨታችንን ክንድ ያህል እየቆረጥን፣ ቀጠን አድርገን እየፈለጥን ከቤቱ ጀርባ ጣሪያ ሥር እንደረድራለን። ሁለት ወር ሳይሞላው አይነካም። የምድጃው አፍም በእንጨት አይታጨቅም። ሁለት ሦስት ፍልጥ ይበቃዋል፤ አየሩ የሚገባበት ቦታ ይፈልጋል። አመዱም በየጋገራው ይጠረጋል።

እናንተ ጋ የጻፍኩት ምድጃ የሚያድሉ ሰዎች ጋዜጣችሁን ስለሚያነቡ ነው። እለምናችኋለሁ፣ የታደለውን ቆጥራችሁ አትሂዱ። ከስድስት ወር በኋላ ተመለሱና የሚነደውን ቁጠሩ። ከእያንዳንዱ አይሱዙ ምድጃ ጋር መደብ መሥራት፣ ማስተካከልና መለሰን የሚችል አንድ ሰው ላኩ። የእኛን መደብ ሠርቶ ምድጃውን ገጥሞ ለመጨረስ ጋሼና አንድ ረዳት ሁለት ቀን ነው የፈጀባቸው። በየከተማው ከቴክኒክና ሙያ ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች አሉ። ግንበኝነት የተማረ ልጅ ይህን በሳምንት ይለምደዋል፤ ሰፈር ውስጥም የሚጠራ ባለሙያ ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ፕላን የምትሠሩ ባለሙያዎችም አስቡበት። ሳሎኑን፣ መኝታውን፣ የመኪና ማቆሚያውን በሴንቲሜትር ትለካላችሁ። እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ግን ከአጥሩ ሥር “ሰርቪስ” ተብሎ ይታለፋል፤ ጭስ ማውጫ የለውም፣ መስኮቱ ከአንድ ክንድ አይበልጥም።

ሌላም ልጨምር። ስትገጥሙ እናቶችን ጠይቁ። እኛ ቤት ከፍታውን የነገረችን እናቴ ናት። የድስቱ ማስቀመጫ በየት በኩል ይሁን፣ የእንጨቱ አፍ ወደ በሩ ይዙር ወይስ ወደ ግድግዳው፣ ይህን ሁሉ የምታውቀው የምትጋግረዋ ናት። አፉ ወደ በሩ ቢሆን ነፋሱ እሳቱን እንደሚያራግብና እንጨቱን እንደሚያስጨርስ ለጋሼ የነገረቻቸው እሷ ነች። ወደ ጎን አዞሩት።

ጎረቤታችን እትዬ ያኔ ከእኛ ጋር የታደለችው ምድጃ እስከ ዛሬ አጥሯ ሥር አለ። አንድ ቀን እንኳ እሳት አላየም። ሣር በቅሎበታል። ባለፈው እሑድ ጋሼ መጥተው አንድ በአንድ አገላብጠው አዩት። አምስቱ ቁራጭ ደህና ነው፤ አንዱ ጠርዙ ተሸርፏል፣ እሱን እንገዛላታለን። ቅዳሜ እንገጥመዋለን። ጭቃውን እናቴ ከረቡዕ ጀምራ ጭድ እየጨመረች አቡክታዋለች፤ ጠዋት ጠዋት በእግሯ ትረግጠዋለች።

አክባሪያችሁ፣
የኬሚስትሪ መምህርት
ከደብረ ብርሃን